ፒ ላይ የቆመ መኪና ዳገት ላይ ከክሪክ ለምን ይወድቃል?

ጠያቂያችን እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ከባለቤቴና ከልጄ ጋር ከድሬ ወደ ሐረር እየወጣን ደንገጎ ሳንደርስ ዳገቱ ላይ የፊት ግራ ጎማ ተነፈሰብኝ። መኪናዬ አውቶማቲክ ቪትዝ ናት። ጠርዝ ይዤ ቆምኩ፣ ማርሹን ፒ ላይ አደረግኩ፣ በክሪክ አነሳኋት። ብሎኑን መፍታት ስጀምር መኪናዋ ወደ ኋላ ሄደችና ክሪኩ ተገለበጠ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማንም አልተጎዳም። አንድ የአይሱዙ ሾፌርና ረዳቱ ቆመው ቀየሩልን። ፒ ላይ እያለች እንዴት ሄደች? እዚያው መቆሜስ ልክ ነበር ወይስ እየነዳሁ ደንገጎ መውጣት ነበረብኝ? ደግሞ እስካሁን በቀጭኗ ስኮርታ (መጠባበቂያ ጎማ) ነው የምነዳው፤ ችግር አለው?»

አቦ እንኳን ተረፋችሁ! ሦስቱንም እመልስልሃለሁ። ከፒ ልጀምር። ጋራዥ የሚመጣው ሰው አብዛኛው እንዳንተው ነው የሚያስበው። «ፒ ካደረግኩ ተቆልፏል» ይላል። አራቱም ጎማ መሬት ላይ እስካሉ ድረስ አልተሳሳተም። አንዱን የፊት ጎማ ስታነሳ ግን ነገሩ ይለወጣል።

ፒ ፍሬን አይደለም። ካምቢዮው ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ብረት ናት። ፒ ስታደርግ ጥርስ መሃል ትገባና ካምቢዮው እንዳይዞር ትይዘዋለች። ጎማዎቹን በቀጥታ አትነካቸውም። በመሃል ዲፈረንሻል አለ። የዲፈረንሻል ሥራ ደግሞ መኪና ሲታጠፍ የግራና የቀኝ ጎማ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ መፍቀድ ነው። ስለዚህ መሃሉ ተይዞም ቢሆን፣ አንዱ ጎማ ወደ ፊት ሲዞር ሌላው ወደ ኋላ መዞር ይችላል። ይህን ጋራዥ ውስጥ በዓይን ማየት ይቻላል። የቪትዝን ሁለቱን የፊት ጎማዎች አንሥተህ ፒ ላይ አድርግና ግራውን በእጅህ ወደ ፊት አዙረው። ቀኙ ማንም ሳይነካው ወደ ኋላ ይዞራል። ይህን ያየ ሰው ሁለተኛ ፒን ብቻውን አያምንም።

አሁን ወደ አንተ ዳገት እንመለስ። ቪትዝ የምትጎተተው በፊት ጎማዎቿ ነው። ፒ የሚይዘውም እነሱን ብቻ ነው። የፊት ግራውን ስታነሳ ግራው አየር ላይ ነፃ ሆነ። ግራው ነፃ ከሆነ መሬት ላይ ያለውም ቀኝ ነፃ ነው። የእጅ ፍሬን ስለ መሳብህ ምንም አልጻፍክም። ካልሳብከው የኋላዎቹም ነፃ ነበሩ ማለት ነው። ዳገት ላይ የቆመች መኪና፣ የሚይዛት አንድም ጎማ የላትም።

ይባስ ብሎ የገፋሃት አንተው ነህ። ብሎኑን መፍታት የጀመርከው መኪናዋ ከተነሣች በኋላ ነው። የግራ ጎማ ብሎን ሲፈታ መፍቻው የሚዞርበት አቅጣጫ፣ ጎማው ወደ ፊት ሲሄድ የሚዞርበት አቅጣጫ ነው። በመፍቻው ላይ ስትጫን ግራው ወደ ፊት ሊዞር ፈለገ፣ በዲፈረንሻሉ በኩል ደግሞ ቀኙን ወደ ኋላ ገፋው። ዳገቱም ወደዚያው ይስባል። ክሪክ ከላይ ወደ ታች የሚመጣ ክብደት ይሸከማል እንጂ የጎን ግፊት አይችልም። ሁለት ጣት ያህል ብቻ ብትንቀሳቀስ መገልበጡ አይቀርም።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ የእጅ ፍሬን፣ ታኮ (ጎማው እንዳይንከባለል ከሥሩ የሚሸጎጥ) እና ቅደም ተከተል ነው። የእጅ ፍሬኑ የኋላ ጎማዎችን በቀጥታ ይይዛል፣ ዲፈረንሻልም አይገባበትም። ችግሩ ድሬ ሜዳ ናት። ከሳቢያን ከዚራ፣ ከከዚራ መጋላ ሲመላለስ የሚውል ሰው የእጅ ፍሬን ሳይነካ ዓመቱን ይጨርሳል። ገመዱ ይላላል፣ ይዝጋል፣ ማንም አያውቅም። ዳገት ላይ ሲፈለግ እጀታው እስከ ላይ ይመጣል፣ መኪናው ግን ይሄዳል። የአንተን ዛሬውኑ ሞክረው። ትንሽ ከፍታ ያለበት ባዶ ቦታ ፈልግ፣ እግርህን ከፍሬኑ ሳታርቅ ኤን (ነፃ ማርሽ) ላይ አድርገህ እጅ ፍሬኑን ሳበው፣ ከዚያ ቀስ ብለህ እግርህን አንሣ። ከተንቀሳቀሰች ማስጠበቅ ነው። ትንሽ ሥራ ናት።

ታኮ ደግሞ የከባድ መኪና ረዳቶች ብቻ ነገር ይመስለናል። እነዚያ ልጆች መኪናው ገና ሳይቆም ታኮ ይዘው የሚወርዱት ወደው አይደለም። ለቤት መኪና ሁለት የእንጨት ቁራጭ ይበቃል። በሰያፍ የተቆረጠ ከሆነ በጣም ጥሩ። የፊት ጎማ የምትቀይር ከሆነ ታኮዎቹ ለሁለቱም የኋላ ጎማዎች ናቸው፣ ቁልቁል በሚያየው በኩል። ወደ ሐረር እየወጣህ ከሆነ ከጎማው ጀርባ፣ ወደ ድሬ እየወረድክ ከሆነ ከጎማው ፊት ማለት ነው። የኋላ ጎማ ስታነሣ ደግሞ የእጅ ፍሬኑ የሚሠራው መሬት በቀረው በአንዱ ብቻ ነው። የፊቶቹን ፒ ይይዛቸዋል፣ አንተም ታኮ ትጨምርላቸዋለህ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። መንዳት ነበረብህ ነው የምልህ። እስከ ደንገጎ ባይሆንም ቀጥ ያለ፣ ሜዳና ሰፋ ያለ ቦታ እስክታገኝ።

ይህን ስል የሚቃወመኝ ብዙ ሰው አለ። «በተነፈሰ ጎማ ከነዳህ ጎማው ያልቃል፣ ቸርኬውም ይጣመማል» ይባላል። ልክ ነው፣ ጎማው ሊያልቅ ይችላል። ጎማ ይገዛል፣ ቸርኬም ይገዛል። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደንገጎ ስትደርስ 2,000ውን አልፈሃል። ያንን ሁሉ ከፍታ መንገዱ የሚወጣው እየተጠማዘዘ ነው። ከኋላህ የሚመጣው ሰው የሚያይህ ጥምዝምዙን ሲጨርስ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይሄዳል። ሾፌሩ አይቶህ እግሩ ፍሬን እስኪነካ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት 25 ሜትር አልቋል፣ ገና መያዝም አልጀመረም። ከላይ የሚወርደው ደግሞ ጭነት ያለበት ከባድ መኪና ሊሆን ይችላል። ከአወዳይ ጫት ይዞ የሚወርድ ከሆነማ ጫቱ ሳይጠወልግ መድረስ አለበትና ሰዓት የለውም። አንተ ደግሞ የተነፈሰብህ የግራ ጎማ ነው። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ግራው የመንገዱ በኩል ነው። ቁጢጥ ስትል ጀርባህ ለሚያልፈው ሁሉ ክፍት ነው።

ስለዚህ መሪው የሚታዘዝልህ ከሆነ አራቱንም ፍሬቻ አብራ፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት ጠርዙን ይዘህ ሂድ። ጥቂት መቶ ሜትር መሄድ ምንም አይደለም። ጎማው ከቸርኬው ጨርሶ ወጥቶ ብረቱ አስፋልት መፋቅ ከጀመረ ግን ብዙ አትግፋ። ያኔ ቢያንስ ከጥምዝምዙ ወጥተህ ከሩቅ የምትታይበት ቦታ ቁም። መኪናዋን ወደ ኋላ አንከባልለህ ቦታ ለመምረጥ ግን በፍጹም አትሞክር። ጎማው እየሄድክ ቢፈነዳም መሪውን በሁለት እጅህ ጥብቅ አድርገህ ያዝ፣ ፍሬን በድንገት አትርገጥ፣ ነዳጁን ልቀቅና በራሷ እስክትቀንስ ጠብቃት።

ስትቆም መጀመሪያ ሰው ይውረድ። በቀኝ በር ይውረዱ፣ ከመንገዱ ርቀው ይቁሙ። ከመኪናው ፊትም ከኋላም አይሁን፣ ምክንያቱም ሌላ መኪና ቢገጫት የምትሄደው ወደዚያ ነው። ገደሉ በቀኝ ከሆነ ጫፉ ላይ ሳይሆን ከመኪናዋ ራቅ ብለው ደህና መቆሚያ ይፈልጉ። ልጅህን እናቱ እጁን ትያዘው። የእኛ አገር መንገድ ላይ ደግሞ መኪና በቆመ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሰፈሩ ልጆች ይከብቡሃል። መርዳት ይፈልጋሉ፣ ማየትም ይፈልጋሉ። አትቆጣቸው፣ ግን ከክሪኩ አርቃቸው። አንዱን ጎበዝ «መኪና ሲመጣ ጩኽልኝ» ብለህ ከመንገዱ ውጭ አቁመው። ሥራ ሲሰጠው ሌሎቹንም ራሱ ያርቅልሃል።

የማስጠንቀቂያውን ሦስት ማዕዘን ከመኪናዋ ቢያንስ 50 ሜትር ወደ ኋላ አድርገው። ጥምዝምዝ ካለ ደግሞ ከጥምዝምዙ በፊት። ጥምዝምዙን አልፎ ያለ ምልክት ለማንም አይጠቅምም። ስትሄድ ወደሚመጡት መኪኖች ፊትህን አዙረህ፣ ምልክቱን ደረትህ ላይ ይዘህ በዳሩ ሂድ። ሦስት ማዕዘን ከሌለህ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ አድርግ፣ ሁሉም ሾፌር ይገባዋል። ድንጋይ ግን እባክህን አትደርድር። ከደረደርክም አንሣው። ጎማውን ቀይሮ፣ እጁን ታጥቦ፣ ድንጋዩን እንደደረደረው ጥሎ የሚሄድ ሰው ያናድደኛል። ማታ የባጃጅ ልጅ መጥቶ ይገለበጥበታል። የድንጋዩ ባለቤት ያን ጊዜ ሐረር ገብቶ እራቱን እየበላ ነው።

አሁን ሥራው። ይህ ክፍል ቀላል ነው፣ ቅደም ተከተሉን ካልዘለልክ። የእጅ ፍሬን፣ ፒ፣ ሞተር አጥፋ፣ ታኮ። ከዚያ ክሪኩን ሳትነካ ዳዶዎቹን፣ ማለትም አንተ ብሎን ያልካቸውን፣ አላላቸው። ቪትዝ በአንድ ጎማ 4 ናት። እያንዳንዷን ግማሽ ዙር ብቻ። ጎማው መሬት ላይ ስለሆነ አይዞርም፣ አንተም መኪናዋን አትገፋም። አንዷ እንቢ ካለችህ መፍቻውን ወደ ግራ አግድም አድርገህ አስገባውና በእግርህ ወደ ታች ተጫነው፣ አትዝለልበት። እንቢ የምትለው ብዙ ጊዜ ጎሚስታው በአየር መፍቻ እስኪበቃው ስላጠበቃት ነው።

ክሪኩ የሚገባበት ቦታ የታወቀ ነው። ከበሩ ሥር ባለው የብረት ጠርዝ ላይ፣ ከፊት ጎማ ትንሽ ወደ ኋላ፣ በሁለት ትናንሽ ክፍተቶች መካከል ነው። በጣትህ ዳብሰው፣ ታገኘዋለህ። ሌላ ቦታ ካስገባኸው ቆርቆሮው ይጨማደዳል፣ ክሪኩም ይንሸራተታል። ከሥሩ ጠንካራ ጣውላ አድርግ። ድንጋይ አታድርግ። ድንጋይ ሲጫኑት ይሰነጠቃል፣ ወይም ይሽከረከራል። መሬቱ ራሱ ዳገት ከሆነና ክሪኩ ዘመም ብሎ ከቆመ አታንሣ፣ አስተካክለው ወይም ቦታ ቀይር።

ጎማው ከመሬት ለቀቅ ከማለቱ በፊት ስኮርታዋን ከመኪናው ሥር በጎኗ አስተኛት፣ ከክሪኩ አጠገብ፣ ከበሩ ሥር ባለው ጠርዝ ትይዩ። ክሪኩ ቢወድቅ መኪናዋ የምታርፈው ጎማ ላይ ነው፣ እግርህ ላይ አይደለም። የተነፈሰውን ስታወጣ እሱን ሥር አስገባና ስኮርታዋን አውጣት። ከሰውነትህ ግን ከመኪናው ሥር ምንም አታስገባ፣ እጅህንም ቢሆን። አንዲት ዳዶ ብትንከባለል በዱላ ጎትታት። ጎማውን ስትይዝ በግራና በቀኝ ጎኑ ያዘው እንጂ ከላይና ከታች አትያዘው። ዳዶዎቹን አሸዋ ላይ አትበትን፣ ኪስህ ወይም ኮፍያህ ውስጥ ይሁኑ። አሸዋ የገባባት ዳዶ ጥርሷን ትበላለች።

አንዳንዴ ዳዶው ሁሉ ተፈትቶ ጎማው አልወጣም ይላል። ቸርኬው ዝጎ ተጣብቋል። እየጎተትክ መኪናዋን አትነቅንቅ። ዳዶዎቹን በእጅህ ጥቂት ዙር መልሰህ አስገባ፣ ላላ ብለው ይቆዩ። ክሪኩን ቀስ ብለህ አውርደው። ክብደቷ ሲያርፍበት ድምፅ አሰምቶ ይለቃል። ከዚያ እንደገና አንሣው።

አዲሱን ስታስገባ የዳዶዋ ሾጠጥ ያለው ጫፍ ወደ ቸርኬው ይይ። በእጅ አስገባቸው፣ በመፍቻ አትጀምር። በመስቀል ተራ እያጠበቅክ፣ መኪናዋን አውርደህ፣ መጨረሻውን ማጥበቅ መሬት ላይ ነው። የቪትዝ ዳዶ የሚፈልገው 103 ኒውተን ሜትር ነው። መፍቻህ 25 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ጫፉ ላይ ወደ 40 ኪሎ የሚሆን ጫና ማለት ነው። ደህና ጉልበት ያለው ሰው በእጁ ይበቃዋል። ቧንቧ መቀጠል፣ ላዩ ላይ መቆም አያስፈልግም፣ ብሎኑን ይዘረጥጠዋል። አንዳንዱ ሰው ካላጠበቀው አይረካም፣ በሚቀጥለው ቀን ሚስቱ መንገድ ላይ መፍታት ያቅታታል። ከቀየርክ በኋላ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄድ መልሰህ አጥብቃቸው። ከድሬ ሐረር መንገዱ ያንን ያህል ነው፤ ስትደርስ መፍቻውን አውጣ።

ማታ ከሆነ ሁሉም በእጥፍ ይከብዳል። የግንባር ባትሪ ይኑርህ። ስልክህን በጥርስህ ነክሰህ ጎማ አትቀይር። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲቃረብ ደግሞ የቁልቢ መንገደኛ ስለሚበዛ ያ መስመር ሌሊትም አይተኛም። ደንገጎ መገናኛ ላይ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሁሉ ይቀላቀላል። በእነዚያ ቀናት ከመውጣትህ በፊት ስኮርታህን ማየት የግድ ነው።

አሁን ቀጭኗ ስኮርታ። ችግር አለው። ያቺ ጎማ የተሠራችው ጎሚስታ ቤት ድረስ እንድታደርስህ ብቻ ነው። ጎኗ ላይ 80 ተጽፎ ታያለህ፣ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ አትሂድ ማለት ነው። ዝም ብላ ቀጭን ብቻ አይደለችም። መሬት የምትይዝበት ገጽ ጠባብ ነው፣ ፍሬን ስትይዝ ትንሸራተታለች፣ ዝናብ ሲሆን ይብሳል። አንተ ደግሞ ፊት ላይ ነው ያደረግካት፣ የምትጎትተውም የምትመራውም እሷ ናት። ቁመቷ ከወዲያኛው ካነሰ ዲፈረንሻሉ ቀጥ ባለ መንገድም ሳያርፍ ይሠራል። ወደ ደንገጎ አትውጣባት። ከደንገጎ ወደ ድሬማ ጨርሶ አትውረድባት።

የተነፈሰውን ጎማ ጎሚስታ ዘንድ ውሰድ፣ ግን አስለጥፎ ዝም አይባልም። ከቸርኬው ሲያወጣው አጠገቡ ቁምና ውስጡን በእጅህ ዳብስ። ጥቁር የጎማ ዱቄት እጅህ ላይ ከቀረ፣ ወይም የጎኑ ውስጠኛ ግድግዳ ተፋፍቆ ክር ካየህ፣ ያ ጎማ ሞቷል። ሳይታወቅህ በለሆሳስ እየተነፈሰ ነድተህበታል ማለት ነው። ቀዳዳው በመርገጫው በኩል ሆኖ ትንሽ ሚስማር ከሆነ ይጠገናል። በጎኑ ከሆነ አይጠገንም፣ «እኔ እሠራዋለሁ» ቢልህም። እግረ መንገድህን የሌሎቹንም ዕድሜ እይ። ጎኑ ላይ በሞላላ ቅርጽ ውስጥ 4 አሃዝ አለ። 2319 ካለ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። ያገለገለ ጎማ ሲሸጡልህ ጥርሱን ያሳዩሃል፣ ያንን ቁጥር ግን አያሳዩህም። የድሬ ፀሐይ ደግሞ ጎማን ቆሞም ያስረጀዋል።

ንፋሱን ጠዋት ሳትነዳ ለካ። የሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ለቀዝቃዛ ጎማ ነው። ቀን ሲሞቅ ከፍ ማለቱ የተለመደ ስለሆነ «በዝቷል» ብለህ አታስተንፍስ። አሳንሰህ ከነዳህ ጎኑ እየተጣጠፈ ይግላል። ሙሉ ሰውና ዕቃ ይዘህ ዳገት ስትወጣ መጀመሪያ የሚከዳህ እሱ ነው።

ቀጭኗን ወደ ቦታዋ ከመመለስህ በፊት ደግሞ አስነፋት። ከሌሎቹ በእጥፍ ገደማ ትፈልጋለች፣ 60 ፒኤስአይ። ጎሚስታው «ለዚች 30 ይበቃታል» ካለህ ጎኗ ላይ የተጻፈውን አሳየው።